ጨው፣ ዱቄትና ድንኳን፦ የ1909ኙ የሩዝቬልት ሳፋሪ እንዴት ተሰናዳ?

የአፍሪካን የአደን ጉዞ ታሪክ የጻፉት አብዛኛውን ጊዜ አዳኞቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ መጻሕፍቱ በአንበሳና በዝሆን የተሞሉ ናቸው። የዝግጅቱ ነገር፣ ማለትም ስንቁ፣ ጭነቱ፣ ፈቃዱና የተሸካሚው ቀለብ፣ በአንድ ሁለት ገጽ ታልፎ ይቀራል። ጉዞ ማሰናዳት እንጀራችን ለሆነው ለእኛ ግን ዋናው ታሪክ ያለው እዚያው በታለፈው ገጽ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በኋላ ኬንያ በተባለችው አገር፣ ያደረጉትን ጉዞ ከጓዙ በኩል እንመለከተዋለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። «ሳፋሪ» በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ሲሆን የመጣውም ከዐረብኛው «ሰፈር» ነው። በእኛ ቋንቋ «ሰፈረ» ስንል ጉዞውን አቁሞ ድንኳን የተከለውን ማለታችን ነው። የቃላቱን ዝምድና ለቋንቋ ሊቃውንት እንተውና፣ ሳፋሪን ለሚያሰናዳ ሰው ግን ሁለቱም ፍች እኩል እንደሚያስፈልጉት መናገር ይቻላል፤ መንገዱ የሚለካው በሚቀጥለው ሰፈር ነውና።

ሩዝቬልት ጉዞውን ማሰናዳት የጀመሩት በ1908፣ ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ ነበር። እንግሊዛውያኑን አዳኞች ፍሬደሪክ ሴሉስንና ኤድዋርድ በክስተንን በደብዳቤ እያማከሩ የመንገዱን አቅጣጫና የጓዙን ዝርዝር አስተካከሉ። ጉዞው ተራ አደን እንዳይባል ከስሚዝሶኒያን ተቋም ጋር ተዋዋሉ፤ በውሉም መሠረት ሦስት የተፈጥሮ ታሪክ ባለሙያዎች አብረዋቸው ሄዱ። ከገንዘቡ ከፍ ያለውን ድርሻ ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ሰጡ። ለሩዝቬልት ደግሞ አንድ የኒውዮርክ መጽሔት ለሚጽፉት የጉዞ ታሪክ 50,000 ዶላር ከፈላቸው። ሥልጣናቸውን ባስረከቡ በሦስተኛው ሳምንት ከኒውዮርክ ተነሥተው በሚያዝያ 1909 ሞምባሳ ደረሱ።

እዚህ ላይ የሒሳቡ ነገር ይመጣል። በዚያ ዘመን የሳፋሪ መለኪያው የአንድ ሰው ሸክም ነበር፤ ይኸውም 60 ፓውንድ፣ ወይም 27 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የአገራችን አንባቢ «ስለምን በበቅሎ አልጫኑም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የእኛ ሲራራ ነጋዴ ግን መልሱን ያውቀዋል፤ ቆላ የወረደ ከብት የሚያልቅበት የገንዲ በሽታ በብዙው ምሥራቅ አፍሪካም መንገዱን ለጋማ ከብት ዘግቶት ነበር። ስለዚህ ድንኳኑ፣ ጥይቱ፣ የታሸገው ምግብ ሁሉ በ60 ፓውንድ እየተከፈለ በሰው ራስ ላይ ወጣ። ሩዝቬልት ያለ መጽሐፍ መኖር የማይሆንላቸው ሰው ስለ ነበሩ፣ በአሳማ ቆዳ የተጠረዙ ስልሳ ያህል መጻሕፍት ይዘው ነበር፤ የመጻሕፍቱም ሣጥን ክብደት ሆን ተብሎ ከአንድ ተሸካሚ ሸክም እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ያደረገ አሰናጅ ሥራውን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ጨው ነበር። የታደኑት አራዊት ቆዳ ሳይበላሽ ወደ ዋሽንግተን እንዲደርስ አራት ቶን ጨው ተዘጋጀ። ይህ ከ130 ከማያንሱ ተሸካሚዎች ሸክም ጋር እኩል ነው። ተሸካሚዎቹ በጠቅላላው ሁለት መቶ ያህል ስለ ነበሩ ጨዉን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ የማይታሰብ ነው። ውሃ የሌለበትን ወደ ሶቲክ የሚወስደውን መንገድ ሲሻገሩም ጨዉንና ውሃውን በበሬ ሠረገላ ማስጫን ግድ ሆነ። ተሸካሚውም በተራው ይበላል። ለእያንዳንዱ በቀን ሰባት መቶ ግራም ያህል ፖሾ የሚባለው የበቆሎ ዱቄት ይሰፈርለት ነበር ቢባል፣ ለሁለት መቶ ሰው በቀን 140 ኪሎ፣ ማለትም የአምስት ሰው ሸክም ይሆናል። ዱቄት ከሚገኝበት ቦታ አሥር ቀን ለሚርቅ ጉዞ ኀምሳ ሰው የሚሸከመው የባልንጀሮቹንና የራሱን ቀለብ ብቻ ነው ማለት ነው። የሳፋሪን ርቀት የወሰነው የአዳኙ ጀግንነት ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነበር። የጠመንጃ ያዦቹ ስም በሩዝቬልት መጽሐፍ ውስጥ ተደጋግሞ ሲነሣ፣ የጨው ተሸካሚዎቹ ግን አብዛኞቹ ያለ ስም አልፈዋል።

ፈቃዱም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከውጭ የሚመጣ አዳኝ 50 ፓውንድ ከፍሎ ፈቃድ ያወጣል፤ ከየዘሩ ስንት መግደል እንደሚችልም ይወሰንለታል። ከባቡሩ ሐዲድ በስተደቡብ ያለው ሰፊ አገር ደግሞ አደን የተከለከለበት የአራዊት ጥብቅ ክልል ነበር። ሩዝቬልት ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ሲጓዙ በባቡሩ ፊት ላይ በተሠራ መቀመጫ ተቀምጠው የሜዳ አህያውን፣ ቀጭኔውንና ድኩላውን እያዩ አለፉ። ያን ዕለት ያደረጉት፣ በእኔ ግምት፣ ዛሬ እኛ ለጎብኚ የምንሸጠውን ነው፤ ምንም እንኳ እርሳቸው እንደ ጉዞው መጀመሪያ እንጂ እንደ ጉዞው ፍሬ ባይቆጥሩትም።

ጉዞው በመጋቢት 1910 ካርቱም ላይ ሲፈጸም ሩዝቬልትና ልጃቸው ከርሚት በጠመንጃ የጣሏቸው 512 ሆነው ተመዘገቡ። ባለሙያዎቹ የሰበሰቡት ከአይጥ እስከ ዕፀዋት ሲጨመር ከ11,000 በላይ ናሙና ሆነ። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙ በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ላዶ በሚባለው ግዛት የተገደሉ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ናቸው። የእንስሳው ዘር በሳይንስ ስም የወጣለት በ1908፣ ከዚሁ ከላዶ በተገኘ ናሙና ነው። ሩዝቬልት ወደዚያ የዞሩትም ሙዚየሙ ይህ አውራሪስ እንዲኖረው ስለ ተፈለገ ነበር። ዕቅዱ በተባለው መሠረት ተፈጸመ፤ ቆዳዎቹም በጨው ታሽተው በደኅና ደረሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ላንሣ። በ1920ዎቹ መኪና ተሸካሚውን ተካ፤ የ60 ፓውንዱም ሒሳብ ቀረ። በ1946 ከቀድሞው የደቡብ ጥብቅ ክልል ከፊሉ የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1977 ኬንያ አደንን ከለከለች። ከዚያ ወዲህ በዚያች አገር ሳፋሪ የሚያሰናዳ ሰው ስለ ጥይትና ስለ ጨው አያስብም፤ የሚያስበው ስለ መኪና፣ ስለ ማረፊያና ስለ አስጎብኚው ነው።

ከላዶው አውራሪስ ዘር የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን የተባለው፣ በመጋቢት 2018 ኬንያ ውስጥ ኦል ፔጄታ በተባለው ጥብቅ ስፍራ ሞተ። የቀሩት ልጁ ናጂንና የልጅ ልጁ ፋቱ ናቸው፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ታጣቂ ዘብ ሌሊትም ቀንም ይጠብቃቸዋል።