አዲስ አየር መንገድና የአብራሪ ቅጥር፦ ከመፈረም በፊት ምን ይታያል?

በዝቅተኛ ዋጋ መንገደኞችን የሚያጓጉዝ አዲስ አየር መንገድ ሲቋቋም አስቀድሞ የሚሰማው ዜና የግዢ ትእዛዝ ነው። «ኩባንያው ይህን ያህል አውሮፕላኖች አዘዘ» ይባላል። ብዙም ሳይቆይ የአብራሪ ቅጥር ማስታወቂያ ይከተላል። በሙያው ያሉ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ልባቸው ቢነሳሳ አይፈረድባቸውም። የበረራ ሥልጠና ውድ ነው፤ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጥጦ፣ አንዳንዱም ቤቱን አስይዞ ነው ልጁን ለዚህ የሚያበቃው። እኔ የሕግ ሰው እንጂ አብራሪ አይደለሁም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ውል ይዘው «እስቲ አንብበው ይንገሩን» የሚሉኝ ስለማይጠፉ፣ ጉዳዩን በቅደም ተከተል ማስቀመጡ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ከአገራችን ሕግ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእኔ እምነት የአንድ አብራሪ ተስፋ የሚለካው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኩባንያው ያዘዘው ሳይሆን የተረከበው አውሮፕላን ብዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በውሉ ውስጥ ያለው የመውጫ በር ስፋት ነው። ማስታወቂያው ሁለቱንም አይናገርም።

የአካሳ ትምህርት

ለዚህ የሕንዱ አካሳ ኤር ጥሩ ማሳያ ነው። ኩባንያው በኖቬምበር 2021 ሰባ ሁለት ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖችን አዘዘ። የመጀመሪያ በረራውን ኦገስት 7 ቀን 2022 ከሙምባይ ወደ አህመዳባድ አደረገ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ 20 አውሮፕላኖች ስለተረከበ በፍጥነት የሚያድግ ኩባንያ ተባለ።

ችግሩ የመጣው በዚሁ በ2023 ነው። በዚያ ዓመት ኤር ኢንዲያ በፌብሩዋሪ 470፣ ኢንዲጎ ደግሞ በጁን 500 አውሮፕላኖች ማዘዛቸውን አስታወቁ። ለእነዚህ ሁሉ ልምድ ያለው አብራሪ ያስፈልጋል፤ ልምድ ያለው አብራሪ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይፈራም። 43 የአካሳ አብራሪዎች በውላቸው የተቀመጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጨርሱ ሥራ ለቀቁ። በሴፕቴምበር 2023 አየር መንገዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎችን ለመሰረዝ ተገዶ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ የአብራሪ እጥረት ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ተገለበጠ። ማክስ የተባለው አውሮፕላን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም። ማርች 10 ቀን 2019 በበረራ ቁጥር 302 የ157 ሰዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በአላስካ ኤርላይንስ አንድ ማክስ ላይ የበር መድፈኛው በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቦይንግን ምርት በወር በ38 ማክስ ገደበው። በዚያው ዓመት መጸው የፋብሪካው ሠራተኞች ከሰባት ሳምንት በላይ ሥራ አቆሙ። አካሳ በጃንዋሪ 2024 ሌላ 150 አውሮፕላኖች ጨምሮ ጠቅላላ ትእዛዙን 226 አድርሶት ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን በታሰበው ጊዜ አልደረሱም። ለነዚያ አውሮፕላኖች አስቀድመው የተቀጠሩ ብዙ አብራሪዎች ያለ በረራ ተቀመጡ።

እንግዲህ አንድ ኩባንያ በአንድ ዓመት አብራሪ አነሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት አብራሪ ተረፈው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ትእዛዝ የተነገረ ይመስላል።

ስሌቱ እንዴት ነው?

እንደ 737 ወይም ኤርባስ 320 ላለ አውሮፕላን በጥቅሉ ከ10 እስከ 12 አብራሪዎች ያስፈልጋሉ። አውሮፕላኑ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሲመላለስ ሰው ግን ማረፍ ስላለበት ነው። 72 አውሮፕላን ማለት በወረቀት ላይ ከ700 በላይ የሥራ ቦታ ነው። የገባው 30 ከሆነ ግን ሥራው ከ300 እስከ 360 ላለ ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚቀመጠው በተቀጣሪው ትከሻ ላይ ነው።

ስሌቱን የሚለውጠው ሌላው ነገር የዕረፍት ሕግ ነው። ሕንድ የአብራሪዎችን ሳምንታዊ ዕረፍት ከ36 ወደ 48 ሰዓት አሳድጋ የሌሊት ማረፊያዎችን ቁጥር ቀነሰች። ሕጉ በኖቬምበር 2025 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ኢንዲጎ በቂ ዝግጅት ስላላደረገ በዲሴምበር መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎችን ሰረዘ። የዕረፍት ሕግ ሲጠብቅ ብዙ አብራሪ ይፈለጋል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው የኩባንያውን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውሳኔዎችም መከታተል ይኖርበታል።

በተጨማሪም «አብራሪ ይፈለጋል» ሲባል የትኛው አብራሪ እንደሆነ መለየት ይገባል። በንግድ ፈቃድ ለመብረር 200 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ዋና አብራሪ የሚያደርገው ፈቃድ ግን ቢያንስ 1500 ሰዓት ይጠይቃል፤ በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪውም በመርሕ ደረጃ 1500 ሰዓት ሊኖረው ግድ ሆኗል። አዲስ አየር መንገድ በመጀመሪያ የሚሻማው ዋና አብራሪዎችን ነው። አዲስ ምሩቅ ብዙ፣ ዋና አብራሪ ጥቂት በሆነበት ገበያ ያንዱ ተፈላጊነት ለሌላው አይተርፈውም።

ፍትሐዊ ለመሆን የአዲስ ኩባንያ ማራኪነት ባዶ አይደለም። ኩባንያው ካደገ ቀድሞ የገባ ረዳት አብራሪ በትልቁ አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት የሚጠብቀውን የዋና አብራሪነት ወንበር በጥቂት ዓመታት ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ከበረረ ነው። ያለ በረራ የተቀመጠ አብራሪ የበረራ ሰዓቱ አይጨምርም። በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ካላረፈ ደግሞ መንገደኛ ይዞ ለመብረር እንደገና መፈተን አለበት።

የመውጫው በር

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በሕንድ ደንብ መሠረት ዋና አብራሪ የአንድ ዓመት፣ ረዳት አብራሪ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ መልቀቅ አይችልም። የአብራሪ ማኅበራት ደንቡን በፍርድ ቤት ተቃውመውታል። አካሳ ደንቡ ይፈጸምልኝ ሲል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በግል የሥራ ውል ጣልቃ አልገባም አለ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2023 በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ መሥሪያ ቤቱ እርምጃ እንዳይወስድ የሚከለክለው ነገር እንደሌለ ገለጸ። ኩባንያው በሙምባይም ከለቀቁት አንዳንዶቹን ከ200 ሚሊዮን ሩፒ በላይ ካሣ ጠይቆ ከሰሳቸው።

ይህን ከእኛው ሕግ ጋር እናነጻጽረው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። አንድ ወር የለመደ ሰው አንድ ዓመት ሲጠየቅ ትርጉሙ ላይገባው ይችላል። የሚጠብቀው አዲስ ቀጣሪ ዓመት ሙሉ ወንበር ይዞ አይቆይለትም።

እኔ ረጅም ማስጠንቀቂያ በጭፍን አልቃወምም። አብራሪ በድንገት ሲጠፋ የሚንገላታው ቲኬት የቆረጠው መንገደኛ ነው። ነገር ግን ግዴታ ከሁለት ወገን መሆን አለበት። አብራሪውን ለአንድ ዓመት የሚያስር ኩባንያ፣ አውሮፕላን ባይመጣም ለዚያ ዓመት ደመወዙንና በቂ የበረራ ሰዓት ዋስትና ሊሰጠው ይገባል። አለዚያ ውሉ ለአንዱ ሕግ፣ ለሌላው ምክር ይሆናል።

ሁለተኛው ሰንሰለት የሥልጠና ወጪ ነው። አብራሪ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት «ታይፕ ሬቲንግ» የሚባል ፈቃድ ማግኘት አለበት። ወጪውን ኩባንያው ሲሸፍን «ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ፣ አለዚያ ትከፍላለህ» ይላል። ሐሳቡ በራሱ ነውር የለበትም። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመን ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጥረዋል። መጠየቅ ያለበት ዕዳው ባገለገሉት ወር ልክ እየቀነሰ ይሄዳል ወይ፣ ሥራው በኩባንያው ምክንያት ቢቋረጥስ ይቀራል ወይ የሚለው ነው።

ሦስተኛው ክርክር የት ይታያል የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2017፣ ከቤልጅየሙ ሻርልርዋ እየተነሱ በራያንኤር አውሮፕላኖች ላይ ይሠሩ የነበሩ የበረራ አስተናጋጆች በውላቸው የአየርላንድ ፍርድ ቤት ቢመረጥም በሚሠሩበት አገር መክሰስ እንደሚችሉ የሚያሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ከአውሮፓ ውጭ የሚፈርም ሰው ግን ይህ ከለላ አብሮት አይሄድም።

ኩባንያው ቢዘጋስ?

አሜሪካዊው ስካይባስ በሜይ 2007 በ10 ዶላር ቲኬት ሥራ ጀምሮ፣ 65 ኤርባሶች አዝዞ፣ በኤፕሪል 2008 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ሠራተኞቹ ኩባንያው ሲያድግ ከአክሲዮኑ ተጠቃሚ እንደሚሆኑ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። በኪሳራ ሕግ ባለአክሲዮን የሚሰለፈው ከባለዕዳ ጠያቂዎች ሁሉ ኋላ ነው፤ ለእሱ ተራ ሲደርስ ካዝናው ባዶ ነው። ስለዚህ በደመወዝ ፋንታ አክሲዮን ሲቀርብ በደንብ ማሰብ ይገባል።

ወደ እኛ ስንቀርብ ዊዝ ኤር አቡ ዳቢ አለ። በ2021 መብረር ጀምሮ በሴፕቴምበር 2025 ሥራውን አቁሟል። ምክንያት ያላቸው በሙቀትና በአሸዋ የተነሳ የሞተሮች መጎዳት፣ የአካባቢው አለመረጋጋትና ወደ አንዳንድ ገበያዎች ለመግባት መቸገሩ ነበሩ። በእናት ኩባንያው የተደገፈ መሆኑም አላዳነውም። በባሕረ ሰላጤ አገሮች የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ሥራ ማጣት ቤተሰብን ይዞ አገር ለቆ የመውጣት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ለመጠቅለል

ውል የሚፈርም አብራሪ አምስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ። አንደኛ፣ ዛሬ ስንት አውሮፕላን በሥራ ላይ አለ፣ ስንትስ አብራሪ ተቀጥሯል? ሁለተኛ፣ ሳይበር ቢቀር የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ ስንት ነው? ሦስተኛ፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው? አራተኛ፣ የሥልጠናው ዕዳ በወር ምን ያህል ይቀንሳል፣ ኩባንያው ቢያሰናብተውስ? አምስተኛ፣ ክርክር ቢነሳ የየት አገር ሕግና ፍርድ ቤት ያየዋል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀና መልስ የሚሰጥ አዲስ ኩባንያ ሊታመን ይችላል፤ ወጣትም ቢሆን። «አሁን ፈርም፣ ዝርዝሩ በኋላ ይደርስሃል» የሚለውን ግን ትእዛዙ ሺሕ አውሮፕላን ቢሆንም እንኳ እንዳይፈርሙለት እመክራለሁ። ፊርማ ካረፈበት በኋላ ወደ ሕግ ሰው የሚመጣ ውል ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ጥያቄ ሳይሆን ዕዳ ነው።