በ25 ዶላር የተሸጡ መልክዓ ምድሮች

ወጣቶች ሆይ፣ የአንድን ሥዕል ዋጋ የሚወስነው ማን ይመስላችኋል? ከመመለሳችሁ በፊት ከአሜሪካ ይህን ታሪክ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፍሎሪዳዋ ፎርት ፒርስ ከተማ አልፍሬድ ሄር የተባለ ጥቁር ወጣት፣ ባከስ ከተባለ ነጭ ሠዓሊ ዘንድ መልክዓ ምድር በዘይት ቀለም መሣል ተማረ። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩበት ነበርና የሥዕል አዳራሾች ለእርሱና ለጓደኞቹ በራቸውን አልከፈቱም። እነርሱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሸራ ፈንታ በቤት ግድግዳ መሥሪያ ሰሌዳ ላይ ሣሉ፤ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ በመኪና ጭነው ከቢሮ ቢሮ፣ ከሆቴል ሆቴል እየዞሩ አንዱን በ25 ዶላር ገደማ ሸጡ። ሄር በ1970 በ29 ዓመቱ በጥይት ተገደለ።

ዓመታት አለፉ። ብዙዎቹ ሥዕሎች ከየቤቱ ወጥተው ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ቦታ በርካሽ ተገኙ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጂም ፊች የተባለ ሰው ለሠዓሊዎቹ «ሃይዌይመን» የሚል የወል ስም አወጣላቸው። ያን ጊዜ ሰብሳቢዎች ፍለጋ ወጡ፤ ዋጋውም ወደ ሺህዎች ዶላር ናረ። በ2004 ሃያ ስድስቱ ሠዓሊዎች በፍሎሪዳ የዝነኛ አርቲስቶች መዝገብ ሰፈሩ፤ ከመካከላቸው ሴት ሜሪ አን ካሮል ብቻ ነበረች።

ልብ በሉ፤ ሰሌዳው ያው ሰሌዳ፣ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። አሮጌው ሥዕል በሺህዎች ሲሸጥ ደግሞ ገንዘቡ የሚገባው ከሻጩ ኪስ እንጂ ከሠዓሊው እጅ አይደለም። ስለዚህ ሥዕል መሰብሰብ ብትጀምሩ ስሙን ሳይሆን ሥራውን እዩ፤ ሠዓሊውም በሕይወት ሳለ ከራሱ እጅ ግዙ።