ከታይፕ ወደ ፎንት፤ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሙያ በካምባና በጋሞ ከተሞች

ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ካምባ፣ እንደ ሌሎቹ የጋሞ ዞን የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የሽያጭ ውል፣ የሥራ ማመልከቻና የዕድር መተዳደሪያ ደንብ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በአንድ ወይም በሁለት ኮምፒውተር በሚተዳደር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሙያው ከጥቃቅን ንግዶች ተርታ የሚመደብ ቢሆንም፣ ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥር ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ተጠቃሚውም ከአቅራቢው ምን ሊጠብቅ እንደሚችል ከብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ታሪክ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረው የጽሕፈት መኪና፣ በተለምዶ «ታይፕ» የሚባለው፣ አያና ብሩ የአማርኛውን መኪና ለመሥራት ከደከሙበት ዘመን ጀምሮ ዋና ፈተናው የፊደሉ ብዛት ነበር፤ በመሆኑም ሆሄውን በሙሉ ከመቅረጽ ይልቅ አካሉን አንድ ጊዜ፣ ቅጥያውን ሌላ ጊዜ መትቶ ማገናኘት እንደ መፍትሔ ተወሰደ። መልኩ አላማረም የሚሉ ነበሩ። ሆኖም መኪናው ሲበላሽ በሰው እጅ ይጠገን ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዴ ወረቀት ላይ ያረፈ ጽሑፍ መኪናው ቢሰበርም፣ ቢሸጥም መነበቡን አያቋርጥም።

ኮምፒውተሩ ይህን ዋስትና አስቀረ። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በፎንት፣ ማለትም የእያንዳንዱን ፊደል መልክ በያዘ ፋይል ሲሆን፣ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 ያልበለጠ ቦታ ስለነበረ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲደመሩበት ከ300 የሚበልጠው የግዕዝ ፊደል በአንዱ አልበቃ አለ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት፣ ወይም እንደ ታይፑ ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት፤ ቦታውንም የወሰዱት ከላቲን ፊደላት ነበር። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ዋሸራ፣ ብራናና አጋፋሪ ይህን ያደረጉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ስለነበረ፣ በአንዱ የተጻፈ ውል ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የቅንፍ ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ዎርድ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ደግሞ ጽሑፉን የሚያየው እንደ እንግሊዝኛ ስለነበረ፣ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ያለውን ትንሹን የላቲን ፊደል በራሱ ፈቃድ ወደ ትልቁ ይለውጣል፤ በአማርኛው ፎንት ግን በትልቁ ፊደል ቦታ የተቀመጠው ሌላ ሆሄ ነውና ጸሐፊው ያልጻፈው ፊደል ይታያል። በሙያው የቆየ ሰው አዲስ ዎርድ ሲጫን አስቀድሞ ይህን «አራሚ» መዝጋቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ሆሄያትንና ምልክቶችን ሲቀበል ችግሩ በመርሕ ደረጃ ተፈታ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ነገር ግን አዲሱ ሥርዓት አሮጌውን ፋይል አልለወጠውም። ለዓመታት የተከማቸ የውል፣ የአቤቱታና የደብዳቤ ቅጂ በቀድሞው ፎንት ታስሮ ቀረ፤ መለወጫ ፕሮግራም ቢገኝም፣ በልወጣው አንድ ሆሄ ብቻ ቢሳሳት በመሬት ውል ላይ የባለይዞታው ስም ሌላ ሰው ይሆናል።

ድጋፉን በተመለከተ ታሪኩ ይበልጥ ያሳዝናል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን የቅጂ መብት ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቢቆጥርም፣ በገጠር ከተሞች ሶፍትዌር የሚዛመተው በአብዛኛው በፍላሽ እየተገለበጠ ነበርና፣ ያልገዛ ሰው ደውሎ የሚጠይቀው ሻጭ አልነበረውም። ጥፋቱን በጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የገዛውም ቢሆን የሚጠብቀው ድጋፍ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ በግልጽ የነገረው አልነበረም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ሚያዝያ 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሲያቆም፣ የደህንነት ማስተካከያው ተቋረጠ እንጂ ኮምፒውተሩ መሥራቱን አላቆመም፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ለውጡን የሚያውቀው ቫይረስ ገብቶ «ፎርማት» ሲደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ሲጫን፣ የቀድሞው ፎንትም አብሮ ሲጠፋ ነበር። በአንጻሩ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 የአቅራቢውን ዕውቅናና የጥገና አገልግሎቱን በሕግ አስሯል፤ መንግሥት ግብሩን የሚሰበስብበት ዕቃ ጠያቂ ሲኖረው፣ ሕዝቡ ውሉን የሚጽፍበት ሶፍትዌር ግን ጠያቂ አላገኘም።

የአስተዳደሩ መለዋወጥ ለዚህ ሁሉ ሌላ ጫና ጨመረበት። አካባቢው በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ቆይቶ በ1993 ዓ.ም. ጋሞ ጎፋ፣ በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ዞን ተብሎ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ተደራጅቷል፤ የደብዳቤ አናት በተቀየረ ቁጥርም ቀላሉ መንገድ አሮጌውን ፋይል ከፍቶ አንድ መስመር ማረም በመሆኑ፣ የሞተው ፎንት ዳግም ይፈለጋል።

የአካባቢው ቋንቋ ደግሞ ከአማርኛው ዘግይቶ ነው ወደ ዩኒኮድ ሥርዓት የገባው። ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ ድምፆች የተቀረጹት 18 ሆሄያት፣ በሦስት ቤት ስድስት ስድስት ሆነው፣ ዩኒኮድ የተቀበላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በ6.0 እትሙ ነው። በትምህርት ቤት ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ስለሆነ ፈላጊያቸው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከዚያ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያልታደሰ ፎንት እነዚህን ሆሄያት የሚያሳያቸው እንደ ባዶ ሣጥን ነውና፣ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ጸሐፊው ያለው አማራጭ ክፍት ቦታ ትቶ ማተም፣ ከዚያም ሆሄውን በእስክሪብቶ መሙላት ነው።