የፊልትሮው ዓምድ

በቤታችን ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ ነበር። በ1964 ዓ.ም. አባቴ ይነዳት የነበረችው ኤን ትሬ ፊያት ከደብረ ሲና በላይ፣ የታርማበር አቀበት ላይ ሞተሯ ነክሶ ቀረች። «የአፋር ሙቀት በላት፤ የታርማበር ብርድ ቀበራት» ይባል ነበር። ይህን አባባል እናቴ ለእንግዳ ስትናገረው፣ አጎቴ በበዓል ቀን ሲደግመው፣ እኔም ተማሪ ቤት ለጓደኞቼ ሳወራው አድጌያለሁ። ጥፋተኛው አየሩ ነው። አየር ደግሞ አይከሰስም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከሣጥኑ ሥር አንድ የሒሳብ ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ በዘይት ወዝቷል፤ ገጾቹ በእርሳስ ተሰምረው በአምስት ዓምድ ተከፍለዋል፦ ቀን፣ ቦታ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ፊልትሮ። አባቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ከመጻሕፍት ጋር ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ስለ አገሬ ዳገትና ቁልቁለት ግን ከዚያ ደብተር ያገኘሁትን ያህል ከመጻሕፍት አላገኘሁም። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላካፍላችሁ የወደድሁት ይኸንኑ ነው።

የመኪናን ታሪክ ስንጽፍ ካመጣው ሰው እንጀምራለን። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ መግባቱ፣ ዐፄ ምኒልክም ተቀምጠውባት መንሸራሸራቸው በታሪክ ጸሐፍት ተደጋግሞ ተነግሯል። መንገድ ያልተጠረገለትን አገር አቋርጣ መምጣቷም ይደነቃል፤ መደነቅም ይገባዋል። ከደረሰች በኋላስ? ዘይቷን ማን ቀየረ? አቧራዋን ማን አራገፈ? በባሕር ዳርቻ አየር ደኅና ይሠራ የነበረ ሞተር ደጋ ላይ ወጥቶ ሲያቃስት፣ የሕመሙን ምክንያት ማን አወቀለት? ታሪካችን የሚያመጣውን እንጂ የሚያቆየውን ሰው መመዝገብ አልለመደም።

እስቲ ከሕመሙ እንጀምር። ሞተር ይተነፍሳል። ነዳጅ ብቻውን አይነድም፤ አየር ይሻል። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ በዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። አየር የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው፣ በራሱ ሳንባ ብቻ የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እታች ትቶ ይመጣል ማለት ነው። ሙቀትም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፦ አየሩ ከ10 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ይነፋና፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሲሊንደር የሚገባው መጠን በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል።

ይህን በቁጥር ለመለካት ሞተር ጭነው ተራራ የወጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። እታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ የሰጠው 230 ብቻ ሆነ። በራሱ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር የሚገፋ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን ጉልበቱ 356 ደረሰ። ሙከራው የተደረገው ለጦር አውሮፕላን ነው፤ ሕጉ ግን ከደብረ ሲና እህል ጭኖ ለሚወጣ መኪናም ያው ነው። የአባቴ ፊያት ቱርቦ አልነበራትም።

ከባድ መኪና በብዛት ወደ አገራችን የገባው በክፉ ቀን ነበር። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ጦሩንና ስንቁን ወደ ደጋው ያጓጓዘው በመኪና ነው። ከእነዚያም አንዷ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራችው ባለ ናፍታዋ ፊያት 634 ናት፤ ሾፌሮቻችን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮቿን ይዘው በጣሊያንኛው «ትሬንታ ኳትሮ» ይሏት የነበረችው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የታርማበር ዋሻም የተፈለፈለው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። መንገዱ ቀረ፤ መኪናው ቀረ፤ ቃላቱም ቀሩ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የናፍታ ፖምፕ የሚያስተካክለው ፖምፒስታ ተባለ። በጠላት አፍ የገባው ቋንቋ ከአለቃ ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ በቃል እየወረደ የብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ባዕድ ቃላት ስንከራከር፣ እነዚህ ቃላት የት አድረው የማንን ቤት እንዳቆሙ ጠይቀን እናውቃለን?

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራችው ፊያት 682 መጣች። ኤን ትሬ ከእርሷ ዘር ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር በላይ የሆነ ሞተር የተሸከመች፣ ድምጿ ከሩቅ የሚለይ መኪና። አባቴ ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት ያደገው በእርሷ ላይ ነው። መንገዱም ያኔ የኢትዮጵያ ወደብ ከነበረችው ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ነበር፦ ቡሬ፣ ማንዳ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ሲና፣ ታርማበር፣ ደብረ ብርሃን። ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሞተር በአንድ ጉዞ የባሕር ዳርቻ ወበቅ፣ የበረሃ አቧራና የደጋ ውርጭ የሚቀበልበት እንዲህ ያለ መንገድ በዓለም ላይ ብዙ አይመስለኝም።

ደብተሩ ይህን መንገድ በአጭር ቃል ይተርከዋል። «ደብረ ሲና፦ ሳትፈላ አሳርፋት» ይላል አንዱ ገጽ። ፊዚክሱ ይህ ነው፦ አሰብ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ በ92 ገደማ፤ ታርማበር በ90 ገደማ። መኪናዋ ጭነት ተሸክማ በከባድ ማርሽ ስትወጣ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፤ ውሃው ግን በዝቅተኛ ሙቀት ለመፍላት ይቸኩላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ሲይዝ ውሃው ሳይፈላ ይቆያል፤ የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል። አባቴ ስለ አየር ግፊት አልተማረም። «የክዳን ላስቲክ ተቀየረ» የሚል ማስታወሻ ግን በደብተሩ ውስጥ አራት ጊዜ አለ። ከዚያው ሥር «በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቴስታታው ይሰነጠቃላ!

ደብረ ብርሃን ያደረባቸው ሌሊቶችም ተመዝግበዋል። ዘይት በብርድ እንደ ማር ይወፍራል፤ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ወደ ላይኛው ክፍል አይደርስም። ባትሪም ብርድ ላይ አቅሟ ይደክማል። በዚያች ሰዓት ሞተሩን ቀስቅሶ ወዲያው በኃይል የሚነዳ ሰው፣ ብረትን ያለ ዘይት በብረት ይፈጫል። «ደብረ ብርሃን፦ አንድ ሲጋራ ጠብቅ» ይላል ደብተሩ። አባቴ አያጨስም ነበር፤ ሲጋራው የጊዜ መለኪያ ነው።

አሁን ወደ አምስተኛው ዓምድ ልምጣ። የዚያ ዘመን የአየር ፊልትሮ እንደ ዛሬው ወረቀት አልነበረም፤ ከሥሩ ዘይት ያለበት ጣሳ ነበር። ወደ ውስጥ የሚሳበው አየር በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራውን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ዘይቱ ጭቃ ሲሆን መድፋት፣ ጣሳውን በናፍታ ማጠብ፣ አዲስ ዘይት መሙላት ነው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ። የአባቴ ደንብ የአፋርን ሜዳ ጨርሶ ወደ ባቲ ከመውጣቱ በፊት ሚሌ ላይ ማጠብ ነበር። በየጉዞው «ሚሌ፦ ታጠበ» ይላል። ለዓመታት እንዲሁ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ገጽ ላይ ግን ዓምዱ ባዶ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ባዶ፤ ሁለተኛው ባዶ፤ ሦስተኛውም ባዶ። በዚያ ሰሞን ጭነት በዝቶ እንደነበር ከቀኖቹ መቀራረብ ይታያል። በዘይቱ ዓምድ ደግሞ የሚጨመረው መጠን ከጉዞ ወደ ጉዞ ከፍ ይላል። ያልታጠበው ፊልትሮ አቧራ ማሳለፍ ጀምሯል ማለት ነው፤ አቧራው ፋሻዎቹንና ሲሊንደሩን ፈግፍጓል፤ ዘይቱም በዚያ ክፍተት እየገባ ይነድዳል። ናፍታ አየር ሲያጣ ጭሱ ጥቁር ነው፤ ዘይት ሲነድ ሰማያዊ ነው። አባቴ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ግን «ጭስ አለ፤ ከፍታው ነው» ብሎ ጽፏል። ተራራው ሰበብ ሆነለት። ተራራው በርግጥ የአየሩን ሩብና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ያልታጠበው ጣሳ ደግሞ ከተረፈው ላይ ይቀንሳል፤ ሞተሩ በሁለቱ መካከል ታነቀ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ቃል ለሞተር የተነገረ ይመስላል።

ከአደጋው ቀን ቀጥሎ ያለው ገጽ ተቀዷል። ከእርሱ ኋላ፣ የቀለሙ ዓይነት ስለተለየ ብዙ ቆይቶ የተጻፈ የሚመስል ሁለት መስመር ብቻ አለ። «ፊልትሮ አላጠብሁም። ልጁ ሚሌ ላይ ነግሮኝ ነበር።»

ልጁ ማን ነው? እናቴን ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና ነገረችኝ። ባለ መኪናው ሞተሩ ለምን እንደነከሰ ሲጠይቅ፣ አባቴ ረዳቱ ውሃ ሳይሞላ ቀርቶ ነው ብሎ ነበር። ረዳቱ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረ። አባቴ ሥራውን አላጣም። ሙቀቱና ብርዱ ተጠያቂ የሆኑበት የቤታችን ታሪክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጁ የሚባል ሰው እንኳ እንዳይኖርበት ሆኖ።

በአባቴ ላይ ለመፍረድ ይህን አልጻፍሁም። ለማንም ሊያሳየው በማይገደድበት ደብተር ላይ እውነቱን ለመጻፍ የደፈረ ሰው ነው። ነገር ግን አየሩ ሊለወጥ የማይችል ስለሆነ ሁሉን ለመሸከም የተመቸ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ። ታርማበር እዚያው ነው፤ የአፋር ፀሐይም እዚያው ናት። በእነርሱና በሞተሩ መካከል የሚቆመው ነገር ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ፣ እጅ የሚያቆሽሽ፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። ሥራው ሲሠራ አይታይም፤ ሲቀር ይታያል።

የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ተዘጋ። መኪኖቹም ተለውጠዋል፤ የዛሬዎቹ ሞተሮች የአየሩን መጠን በራሳቸው ለክተው ነዳጁን ይመጥናሉ፤ ቱርቦም የተለመደ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ደግሞ አይተነፍስምና ከፍታው ትንፋሹን አያሳጥረውም። ባትሪው ግን ሙቀትንም ብርድንም ያውቃል። አዲሱም መኪና ደብተር የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የጎሚስታው ስም አለ፤ የፖምፒስታው ስም አለ፤ ዘይት በዱቤ የሰጠው ባለ ሱቅ ስም አለ። የዚያ ረዳት ስም ግን የለም። ሁልጊዜም «ልጁ» ነው። ስሙን ባገኝ ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ርእስ አደርገው ነበር።