ተስተካካይ ሾክ አብዞርበር

ተስተካካይ ሾክ አብዞርበር የማርገብ ኃይሉ እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ ሊጨመር ወይም ሊቀነስ የሚችል የመኪና ሾክ አብዞርበር ዓይነት ነው። ማስተካከያው በራሱ በሾኩ አካል ላይ ያለ ማዞሪያ ሊሆን ይችላል፤ በሌሎች ደግሞ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ከዳሽቦርድ ላይ ይቆጣጠረዋል። አንዳንድ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ፤ በሌሎች ላይ ባለንብረቱ ኋላ ገዝቶ ያስገጥመዋል።

አሠራር

የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። የሾክ አብዞርበር ሥራ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ መኪናው ደጋግሞ እንዳይዘል ማርገብ ነው። በሾኩ ውስጥ ዘይት የሞላበት ቱቦና ቫልቭ ያለው ፒስተን ይገኛሉ። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ያልፋል፤ የእንቅስቃሴው ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ማስተካከያው ሲዞር የዘይቱ መተላለፊያ ይጠባል ወይም ይሰፋል።

ማርገብ በሁለት አቅጣጫ ይከናወናል። አንደኛው ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ የሚሠራው የመጨመቅ ማርገብ ነው። ሁለተኛው ሞላው ሲለቀቅና ጎማው ወደ ታች ሲመለስ የሚሠራው የመመለስ ማርገብ ነው። አንዳንድ ሾኮች የመመለሱን ብቻ፣ ሌሎች ሁለቱን በአንድ ማዞሪያ፣ ውድ የሆኑት ደግሞ እያንዳንዱን ለየብቻ ያስተካክላሉ።

ከዚህ እንደሚታየው ሾክን ማጠንከር የመኪናውን የመጫን አቅም አያሳድግም፤ በጭነት ኋላው የወረደን መኪናም አያነሳም። ለዚያ የሚያስፈልገው ተስማሚ ሞላ ወይም ባሌስትራ፣ አለዚያም ጭነት መቀነስ ነው። በአየር ተነፍተው የመኪናን ኋላ የሚያነሱ ሾኮች ሌላ ዓይነት ናቸው።

ታሪክ

ሾፌሩ ከመቀመጫው የሚያስተካክለው ሾክ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ፓካርድና የእንግሊዙ ቤንትሌይ ሾፌሩ የማርገቡን መጠን ራሱ የሚለውጥባቸው መኪኖች ሠርተዋል። ቶዮታ በ1983 በሶረር ሞዴሉ ላይ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ሾክ አቀረበ። በ2002 የወጣው ካዲላክ ሴቪል ደግሞ ማግኔራይድ በተባለው ዘዴ ተጠቀመ፤ በዚህ ዘዴ በሾኩ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ የያዘ ፈሳሽ በማግኔት ኃይል ይወፍራል ወይም ይቀጥናል።

ከጭነት ጋር ያለው ግንኙነት

ማስተካከያ የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት የመኪናው ክብደት ስለሚለዋወጥ ነው። መኪናው አንዴ ተገፍቶ መዝለሉን ጨርሶ እንዲያቆም የሚያስፈልገው የማርገብ መጠን የሞላው ጥንካሬ በክብደቱ ተባዝቶ፣ የብዜቱ ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) እጥፍ ነው። የተለመዱ የቤት መኪኖች ለምቾት ሲባል ከዚህ መጠን ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ይይዛሉ።

ለምሳሌ በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት 400 ኪሎ ግራም፣ የሞላው ጥንካሬ 40,000 ኒውተን በሜትር ቢሆን፣ ሙሉው የማርገብ መጠን 8,000 ኒውተን ሰከንድ በሜትር ይሆናል። 30 በመቶው 2,400 ነው። ጭነት ተጨምሮ ክብደቱ 600 ኪሎ ግራም ሲደርስ ሙሉው መጠን ወደ 9,800 ያድጋል፤ ያው የ2,400 ሾክ አሁን የሚሰጠው 24.5 በመቶ ብቻ ነው። የቀድሞውን 30 በመቶ ለመመለስ ወደ 2,940 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህም ክብደቱ በግማሽ ሲጨምር ማርገቡ በ22 በመቶ ገደማ መጨመር እንዳለበት ያሳያል። ባዶ ሄዶ ተጭኖ ለሚመለስ ፒክአፕ ተስተካካይ ሾክ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

የማስተካከያ ዓይነቶች

በእጅ የሚዞር፦ በሾኩ ላይ ያለው ማዞሪያ በእጅ ወይም በመሣሪያ ይዞራል። የአሜሪካው ራንቾ 9000 ተከታታይ ምርት ባለ 9 እርከን ነው። የአውስትራሊያው ኤ.አር.ቢ. ቢፒ-51 ደግሞ መጨመቅንና መመለስን ለየብቻ ያስተካክላል።

በአየር የሚሠራ፦ ከዳሽቦርድ የሚላክ የአየር ግፊት የሾኩን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል። አየሩ ቫልቩን ብቻ ያዞራል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

በሞተር የሚሠራ፦ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች በሾኩ አናት ላይ ተገጥመው ማዞሪያውን ያዞራሉ። የጃፓኑ ቴይን ኢ.ዲ.ኤፍ.ሲ. ለዚህ ምሳሌ ነው።

በኤሌክትሮኒክ ቫልቭ የሚሠራ፦ ኮምፒውተር የጎማውንና የአካሉን እንቅስቃሴ በሴንሰር እያነበበ ማርገቡን በራሱ ይለውጣል። ሾፌሩ የሚመርጠው እንደ ምቾት ወይም ስፖርት ያለ ሁነታን ነው።

አመራረጥ

ከሾኩ በፊት ሞላው መታየት አለበት። የተሰበረ ወይም የለዘበ ባሌስትራ በሾክ አይታረምም። የሚገዛው ሾክ ለተገጠመው ሞላ ጥንካሬ የተሠራ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚታየው ርዝመት ነው። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋና ሲጨመቅ ያለው ርዝመት ከመኪናው ጋር ካልተስማማ፣ ማቆሚያ ላስቲኩ ከመነካቱ በፊት የሾኩ ውስጥ ይጋጫል፤ ወይም ሲዘረጋ የፍሬን ቱቦ ይወጥራል። በሞተር የሚሠራ ከሆነ በሾኩ አናት ላይ በቂ ክፍተት መኖሩ ይለካል።

የእርከን ብዛት ጥራትን አያሳይም። ባለ 9 እርከኑ ሾክ ከባለ 16ቱ ሰፋ ያለ ልዩነት ሊሰጥ ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው በጣም ለስላሳውና በጣም ጠንካራው ቦታ በማርገብ ኃይል ምን ያህል እንደሚለያዩ ነው።

ከመቀመጫ ሆኖ መቆጣጠር የሚጠቅመው መንገዱ በአንድ ጉዞ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ ከአስፋልት ወደ ፒስታ ለሚገባና ለሚወጣ መኪና። ጭነቱ ጠዋትና ማታ ብቻ ለሚለወጥ መኪና በእጅ የሚዞረው ይበቃል። ሽቦ፣ የአየር ቱቦና ሞተር አቧራና ውሃ ሲገባቸው የሚበላሹ ተጨማሪ ክፍሎች ናቸው፤ መለዋወጫቸው በአካባቢው ገበያ መገኘቱን አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። ከፋብሪካ የኤሌክትሮኒክ ሾክ ይዞ የመጣ መኪና ላይ ተራ ሾክ ቢገጠም የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ይችላል።

አስተካከልና ደኅንነት

ማስተካከል የሚጀመረው ከለስላሳው ቦታ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት እርከን ብቻ ይጨመራል። በተመሳሳይ መንገድና ፍጥነት ተሞክሮ ውጤቱ ይመዘገባል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ሾኮች እኩል መሆን አለባቸው።

መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ከዘለለ የመመለስ ማርገቡ አንሷል። በተከታታይ ጉብታዎች ላይ አካሉ እየወረደ ከሄደ ግን በዝቷል፤ ጎማው ወደ ታች ለመመለስ ጊዜ አያገኝም ማለት ነው።

የጠነከረ ሾክ ሁልጊዜ የተሻለ ቁጥጥር ይሰጣል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። በኮረኮንች ላይ ሾኩ ከልክ በላይ ሲጠነክር ጎማው ከጉብታ ወደ ጉብታ ይዘላል፤ መሬት የሚነካበት ጊዜ ስለሚያጥር ፍሬንና መሪ ይደክማሉ። በሌላ በኩል ለረጅም ጊዜ በሻካራ መንገድ ላይ የሠራ ሾክ ዘይቱ ሲግልና አረፋ ሲይዝ የማርገብ ኃይሉ ይቀንሳል። በናይትሮጅን ጋዝ የተሞሉ ሾኮች አረፋውን ይቀንሳሉ። ዘይት የሚያፈስ ሾክ ማዞሪያው ቢጠነክርም አይድንም፤ ከጥንዱ ጋር አብሮ ይቀየራል።