የተለገሰ ዊልቸር ታሪክ፦ ከቁጥር ወደ ልክ



በጽሑፍ ተሽከርካሪ ወንበር ብንለውም በቤትም በሰፈርም የሚታወቀው ዊልቸር በሚለው ስሙ ነው። ዊልቸር በእርዳታ ሲታደል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቁጥሩን ነው፤ ይህን ያህል መቶ ተበረከተ ይባላል። ወንበሩን ማን እንዳደሰው፣ ለተቀመጠበት ሰው ልኩ መሆን አለመሆኑ፣ ከዓመት በኋላም የት እንደደረሰ ግን እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ያገለገሉ ዊልቸሮችን ሰብስበው፣ አድሰው ወደ ሌላ አገር የሚልኩ በጎ ፈቃደኞችን ታሪክ ባጭሩ እናያለን። ታሪኩ የሩቅ ቢመስልም እኛን በቀጥታ ይነካል። ዊልቸር በሌለበት ቤት አካል ጉዳተኛውን የምታዝለው፣ የምታነሳውና የምታስቀምጠው በአብዛኛው እናት፣ እህት ወይም ሚስት ናት። እሷ ቤት ስትውል ገበያዋም፣ ሥራዋም፣ ቁጠባዋም አብሮ ይቀራል። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሚታጠፈው ወንበር

ዛሬ በብዛት የምናየው የሚታጠፍ የብረት ዊልቸር ከ1930ዎቹ የመጣ ነው። ኸርበርት ኤቨረስት የተባለ አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ በማዕድን ማውጫ ውስጥ በደረሰበት አደጋ ጀርባው ተሰብሮ መራመድ ተሳነው። በዘመኑ የነበሩት ዊልቸሮች ከባድና የማይታጠፉ ስለነበሩ መኪና ውስጥ ማስገባት አስቸጋሪ ነበር። ኤቨረስት ከወዳጁ ከመሐንዲሱ ሃሪ ጄኒንግስ ጋር ሆኖ በ1933 ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ ከመቀመጫው ሥር እንደ መቀስ በሚተላለፉ ሁለት ብረቶች የሚታጠፍ ዊልቸር ሠራ። ሁለቱ ያቋቋሙት ኩባንያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገበያውን መርቷል፤ ሌሎችም ያንኑ ቅርጽ ተከትለዋል።

ይህ ወንበር የታሰበው ለለሰለሰ የሆስፒታል ወለልና ለአስፋልት ነው። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ጠንካራ ናቸው። ጭቃ፣ ጠጠርና ዳገት በሐሳቡ ውስጥ አልነበሩም። ሆኖም መታጠፉ ወንበሩን በመኪና ለመጫን እንደረዳ ሁሉ ከዓመታት በኋላ በኮንቴይነር ተደርድሮ ባሕር ለመሻገርም አመቸው።

በበለጸጉ አገሮች ያገለገለ ዊልቸር በየቤቱና በየሆስፒታሉ መጋዘን ይከማቻል። አንዱ ስብራቱ ድኖለት ይተወዋል፤ የሌላዋ ልጅ አድጎ ወንበሩ ይጠብበታል፤ ሌላው ይሞታል፤ ለአንዳንዱም መድን ድርጅት አዲስ ይገዛለታል። በእነዚያ አገሮች የባለሙያ ጉልበት ውድ ስለሆነ አሮጌውን ማስጠገን ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው መመሪያ ከሕዝብ 1 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም በዚያን ጊዜ ስሌት 65 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ ዊልቸር እንደሚያስፈልገው ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩት አላገኙም። በአንድ በኩል የተጣለ ወንበር፣ በሌላ በኩል መሬት ላይ የሚድህ ሰው፤ የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

አዳሾቹ እነማን ናቸው?

ከታወቁት ጀማሪዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ጆኒ ኤሪክሰን ታዳ ናት። በ1967 ገና በ17 ዓመቷ ውኃ ውስጥ ስትጠልቅ አንገቷ ተሰብሮ እጅና እግሯን ማዘዝ ተሳናት። በ1979 ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራ ጆኒ ኤንድ ፍሬንድስ የተባለ ክርስቲያናዊ ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱ በ1994 ዊልስ ፎር ዘ ወርልድ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በጎ ፈቃደኞች ወንበሩን ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ የሕግ ታራሚዎች በየማረሚያ ቤቱ ባሉ ወርክሾፖች ያድሱታል፤ ከዚያም ፊዚዮቴራፒስቶችና መካኒኮች ወደ ተቀባዩ አገር ሄደው ለእያንዳንዱ ሰው ያስተካክሉታል። በእንግሊዝም ታራሚዎች የሚሳተፉበት ተመሳሳይ ሥራ አለ። በጃፓን ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያገለገሉ ዊልቸሮችን እየጠገኑ ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ሲልኩ ቆይተዋል። ወደዚያ የሚጓዝ መንገደኛ ወንበሩን እንደ ራሱ ሻንጣ ይዞ ስለሚሄድ ሥራው የሚበሩ ዊልቸሮች የሚል ስም ወጥቶለታል።

ሥራው እጅ ያቆሽሻል። መጀመሪያ ወንበሩ ይታጠባል፤ ከዚያ ይፈታታል። የተሰነጠቀ ብረት ካለ ይበየዳል፣ ካልሆነም ወንበሩ ለመለዋወጫ ይቀመጣል። ኩሽኔታው ጸጉርና ክር ስለሚጠመጠምበት ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ፍሬኑ ይጠበቃል፤ የተቀደደ መቀመጫና መደገፊያ በአዲስ ጨርቅ ይሰፋል፤ የጠፋው የእግር ማሳረፊያ ከሌላ ወንበር ይፈለግለታል። አንዳንዴ ከሦስት አሮጌ አንድ ደህና ወንበር ይወጣል። በመጨረሻ በስፋቱ ተለይቶ ይመዘገባል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል ቢመስልም በኋላ እንደምናየው ዋናው እሱ ነው።

ሒሳብ እንደሚይዝ ሰው ስናየው ነጻ የሚባል ዊልቸር የለም። የበጎ ፈቃደኛው ጉልበት ባይከፈልበትም የኮንቴይነር ጭነት፣ የወደብ አገልግሎት፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የአገር ውስጥ ትራንስፖርት፣ ጎማና የመቀመጫ ፍራሽ ሁሉም ወጪ ናቸው። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ወንበሩ ቤት ጥግ ከቆመ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ይሆናል።

አራት ወጣቶች በአንድ ዊልቸር

ራልፍ ሆችኪስ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1966 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሮቹን ማዘዝ ተሳነውና የራሱን ዊልቸር ራሱ ማሻሻል ጀመረ። በ1980 ወደ ኒካራጓ ሲሄድ አንዲት ዊልቸር በተራ የሚጠቀሙ አራት ወጣቶችን አገኘ። ወጣቶቹ ወንበሯ በተሰበረች ቁጥር ባገኙት ብረት እየጠገኑ ያቆዩአት ነበር። ሆችኪስ ከእነሱ ያየው ነገር ሐሳቡን ለወጠው፤ የአገሬው ሰው በአገሬው ብረት ሊሠራውና ሊጠግነው የሚችል ዊልቸር ያስፈልጋል ብሎ ተነሣ። ከእሱና ከባልደረቦቹ ሥራ ዊርልዊንድ የተባለው ዊልቸር ተወለደ። ንድፉ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለምሳሌ ሰፊውና ለስላሳው የፊት ጎማ ሐሳቡ የመጣው ከዚምባብዌ ስለሆነ የዚምባብዌ ጎማ ይባላል። እንዲህ ያለው ጎማ አሸዋና ጠጠር ላይ አይሰምጥም።

ይህ ሥራ የወንዶች ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከዊርልዊንድ ጋር ተያይዞ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ብየዳና የብረት ሥራ እንዲማሩ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ተጀመረ። በኡጋንዳ ፋቱማ አቻንና ጓደኞቿ ካምፓላ ላይ ዊልቸር የሚሠሩበትና የሚጠግኑበት የሴቶች ወርክሾፕ አቋቋሙ። ለራስ አገዝ ማኅበር ይህ ትልቅ ምሳሌ ነው፤ ሴቶቹ ዊልቸር ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ዊልቸር ሠሪም ሆነዋል።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ዴቪድ ኮንስታንቲን፣ እሱም የዊልቸር ተጠቃሚ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሞቲቬሽን የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራቸውም በ1991 በባንግላዴሽ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ማዕከል የዊልቸር ወርክሾፕ መክፈት ነበር።

ልክ ያልሆነ ወንበር ምን ያደርሳል?

እነዚህ ሰዎች በልግስና በሚላክ ወንበር ላይ ያነሡት ጥያቄ ከባድ ነበር። ወንበሩ ከዳሌ በላይ ሲሰፋ የተቀመጠው ሰው ወደ አንድ ጎን ይዘማል፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ጀርባው ሊጎብጥ ይችላል፤ እጁም ጎማውን በደንብ አይደርስበትም። መቀመጫው ከጭን ርዝመት በላይ ከሆነ ሰውየው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከሁሉ የከፋው ግን ቁስል ነው። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው መቀመጫው ሲቆስል ሕመሙ አይሰማውም። ጫና የሚቀንስ ፍራሽ ሳይኖረው ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠ ቁስሉ እስከ አጥንት ሊደርስና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፍራሽ የሌለው ዊልቸር ለእንዲህ ያለ ሰው ስጦታ ሳይሆን አደጋ ነው።

ጥገናውም ሌላ ጣጣ አለው። ከአሜሪካ የሚመጡ አሮጌ ወንበሮች ቡሎናቸው ብዙ ጊዜ በኢንች ስለሚለካ በሚሊሜትር የሚሸጠው የገበያችን ቡሎን አይገባላቸውም። 24 ኢንች ተብሎ የተጻፈበት የዊልቸር ጎማም ሁልጊዜ ከ24 ኢንች የብስክሌት ጎማ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ጎማው ሲያልቅ ወንበሩ በሙሉ ይጣላል።

ስምንቱ ደረጃዎች

በ2006 ባለሙያዎችና ተጠቃሚዎች በሕንድ ባንጋሎር ተሰብስበው መከሩ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት አጸደቀ፤ አንቀጽ 20 ስለ ግል መንቀሳቀስ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 ተቀብላዋለች። ቀደም ብለን የጠቀስነው የ2008ቱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ ዊልቸር መስጠት ስምንት ደረጃ ያለው አገልግሎት መሆኑን አስቀመጠ፦ ወደ አገልግሎቱ መላክና ቀጠሮ፣ ምርመራና ልኬት፣ የወንበሩን ዓይነት መወሰን፣ ገንዘብና ትእዛዝ፣ ወንበሩን ማዘጋጀት፣ በሰውየው ልክ ማስተካከል፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠን፣ በመጨረሻም ክትትልና ጥገና። ብዙ ጊዜ በእርዳታ ሲታደል የምናየው ማዘጋጀቱንና ማስረከቡን ብቻ ነው።

ይህ ማለት የተለገሰ ወንበር ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው አዲስ ጉዞ ከስዊዘርላንድ የሚመጡ ያገለገሉ ዊልቸሮችን በራሱ ወርክሾፕ እያደሰ ለተጠቃሚዎች ያቀርባል። እድሳቱ እዚህ ሲሆን ሙያው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ አብረው እዚህ ይቀራሉ፤ ወንበሩ ቢበላሽ የሚመለስበት በር አለው። የአዳሾቹ ድካም ፍሬ የሚያፈራው እንዲህ ነው።

ለማኅበራችን የሚሆነው

አባሎቻችን ብዙ ጊዜ ለታመመ ዘመድ ወይም ለጎረቤት ልጅ ዊልቸር ሲያፈላልጉ እናያለን። ማኅበራችን ከማንም ወገን ዊልቸር ሲቀርብለት ከመቀበሉ በፊት የሚከተሉትን እንዲያደርግ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሰው ከወንበር በፊት ይለካ። ተቀምጦ የዳሌው ስፋት ይወሰድ፤ የወንበሩ ስፋት ከዚያ ጋር ይመጣጠን። ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበት ጀርባ ያለው ርዝመት ተለክቶ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይቀነስለት፤ የመቀመጫው ጥልቀት ያ ነው። የእግር ማሳረፊያው ከፍታም እንደ ባቱ ርዝመት ይስተካከል። ለዚህ ሜትርና ወረቀት ይበቃል። ልኬቱን ግን ቢቻል ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ሁለተኛ፣ ቤቱና መንገዱ ይታይ። የበሩ ስፋት፣ ደጃፉ ላይ ያለው ደረጃ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ኮብልስቶን ወይም ጭቃ ይመዝገብ። የአገራችን የሕንፃ ሕግ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ያዛል። በቀበሌና በጤና ጣቢያ ይህን መጠየቅ መብታችን ነው።

ሦስተኛ፣ ፍራሽ የሌለው ወንበር ህብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው አይሰጥ። ተቀማጩም በየጊዜው ወደ ፊትና ወደ ጎን እያዘነበለ ጫናውን ማቅለል፣ ቤተሰቡም ማታ ማታ ቆዳውን ማየት እንዳለበት ይነገራቸው።

አራተኛ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ከሚዋጣው ላይ በትንሹ ይቀመጥ። በሰፈሩ ያለ ጎሚስታ፣ ብስክሌት ጠጋኝና በያጅ ወንበሩን አስቀድሞ ይየው፤ የሚገጥመው ጎማና ቡሎን ገበያ ላይ መኖሩም ይረጋገጥ።

አምስተኛ፣ በመዝገባችን ተሰጠ ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ ከሦስት ወርና ከዓመት በኋላ የሚሞላ ሌላ ዓምድ ይኑር። ወንበሩ ይሠራል ወይ? ሰውየው ቁስል አለው ወይ? ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ? የምትረዳው እናትስ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች ወይ?

በዓለም ዙሪያ በማረሚያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የማያውቁትን ሰው እያሰቡ ኩሽኔታ የሚያጸዱ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። የእነሱ ሥራ ወንበሩ ተጭኖ ሲሄድ አያበቃም፤ ቀሪው በእኛ እጅ ነው። ይህን ዓምድ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተወያይተንበት ከመዝገባችን ላይ እንድንጨምረው ሐሳብ እናቀርባለን።