የወረርሽኝና የሰዎች እንቅስቃሴ ጥናት፤ ከቤት ለቤት ጥያቄ እስከ ማሽን ለርኒንግ

ተላላፊ በሽታ የራሱ እግር የለውም፤ የሚጓዘው ሰው በሚጓዝበት መንገድ ነው። ስለዚህ ወረርሽኝን ለመግታት የሚጥር ሁሉ ሰዎች ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ለማወቅ የሚያገለግለው ዘዴ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠና ለውጡ ምን ጥቅምና ችግር እንዳስከተለ በአጭሩ መመርመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን ቤት እየዞረ ቤተ ሰቡ ውኃ ከየት ይቀዳ እንደ ነበር ጠየቀ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ከሚገኘው የውኃ መቅጃ ይጠጡ እንደ ነበር ስለ ተረዳ ማስረጃውን ለሰበካው ሹሞች አቀረበ፤ የመቅጃውም እጀታ ተነቀለ። ይህ ዘዴ አድካሚ ነው። ይሁን እንጂ በር ለበር የሚዞር መርማሪ ያነጋገረውን ብቻ ሳይሆን ሳያነጋግር ያለፈውንም ቤት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው ምሁር ጆርጅ ዚፍ ሌላ መንገድ አሳየ። ይኸውም የሁለት ከተሞችን ሕዝብ ብዛት አባዝቶ በመካከላቸው ላለው ርቀት በማካፈል የተመላላሹን መጠን መገመት ነው። ሐሳቡ ከኒውተን ሕግ ጋር ስለሚመሳሰል የዚህ ዓይነቱ ስሌት የስበት ሞዴል ይባላል። ቀመሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራ የሚችል ቀላል ነው፤ ነገር ግን መንገዱን፣ ገበያውንና ትምህርት ቤቱን አይለይም።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲስፋፋ ግምቱ በመዝገብ ተደገፈ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ስልኮች የተጠቀሙባቸው የስልክ ማማዎች ተመዝግበው፣ በ2012 በታተመው ጥናት መሠረት፣ የወባ ተሕዋስ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ወደ ናይሮቢ በመንገደኞች አማካይነት እንደሚዛመት ታወቀ።

ኮቪድ-19 በተስፋፋበት በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሴፍግራፍ የተባለው ኩባንያ ከስልኮች የሰበሰበውን መረጃ ከበሽታው ስርጭት ስሌት ጋር አጣመሩ። ጥናቱ በ10 ታላላቅ ከተሞችና አካባቢያቸው የሚኖሩ 98 ሚሊዮን ሰዎችን የሚመለከት ነበር። በስሌቱ መሠረት ለአብዛኛው መያዝ ምክንያት የሆኑት ሰው የሚጨናነቅባቸው ጥቂት ቦታዎች ናቸው። የድኾች ሰፈር ነዋሪዎችም እንደ ሀብታሞቹ እንቅስቃሴያቸውን ሊቀንሱ አልቻሉም፤ የሚሄዱባቸውም ቦታዎች ይበልጥ የተጨናነቁ ነበሩ።

በ2021 የስበት ሞዴል ራሱ በማሽን ለርኒንግ ታደሰ። በዚህ ዘዴ ለኮምፒዩተሩ የተዘጋጀ ቀመር አይሰጠውም። አያሌ ምሳሌዎች ይቀርቡለታል፤ እርሱም ግምቱ ከእውነቱ ምን ያህል እንደ ራቀ እየለካ ራሱን ያርማል። ከሕዝብ ብዛትና ከርቀት በተጨማሪ መንገዶች፣ መደብሮች፣ ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ስለ ተጨመሩለት በእንግሊዝ፣ በኢጣሊያና በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከአሮጌው ቀመር የተሻለ ግምት ሰጥቷል።

ይሁን እንጂ ከምሳሌ የሚማር ሁሉ ያልታየውን አይማርም። ይህንኑ ለመመርመር ሌሎች ተመራማሪዎች በኖርዝ ካሮላይና በ2018 ምርጫ ድምፅ የሰጡትን ሰዎች መዝገብ በምርጫ ጣቢያዎቹ ከታዩት የሴፍግራፍ ስልኮች ጋር አመሳከሩ። በ2021 ባወጡትም ጥናት አረጋውያንና ነጭ ያልሆኑ ዜጎች በስልኩ መረጃ ውስጥ ከቁጥራቸው ያነሰ ቦታ እንዳላቸው ገለጹ። በዕድሜ የገፉት ደግሞ በኮቪድ-19 ከማንም ይልቅ ለሞት የተጋለጡ ነበሩ። እርዳታ በዚህ መረጃ ብቻ ቢደለደል ኖሮ ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው ያነሰ በደረሰ ነበር።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው የመረጃ ብዛት የቆጠራን ምሉዕነት አያረጋግጥም። ስኖው ያለፈውን በር ያውቅ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን ካልተነገረው በቀር አያውቅም። ስለሆነም ዕቅድ አውጪው የቀረበለትን አኀዝ ከመቀበሉ በፊት ያልተቆጠረው ማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ፣ መልሱንም በሌላ መዝገብ ሊያመሳክር ይገባዋል። መምህሩም ተማሪዎቹን ከስሌቱ ጋር ይህን ጥያቄ ሊያስተምራቸው ይገባል።